ክፍላችን አውቶብስ የሆነበት ዓመት

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አለቃ ነበርኩ። የእኔ ዘመን ልጆች አንድ ለአምስትን አትረሱትም፤ ጎበዝ ነው የተባለ አንድ ልጅ አምስት ልጆች ይሰጡታል፣ ያስጠናል፣ ይቆጣጠራል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያሸነፈው ቡድን ሰልፍ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል። እኔ የተመረጥኩት ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ነው። ትዕግስት የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። እናቴ "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ስትለኝ "ለቀመች አይደል? ታዲያ ምን ቀረባት?" ብዬ የምመልስ ልጅ ነበርኩ።

አንድ ቀን ቲቸር ሐያት ይታይሽን አምጥታ እኔ ቡድን ውስጥ ዶለቻት።

"ቲቸር፣ እሷ እኮ አትናገርም!" ብዬ ጮህኩ።

"ትናገራለች እንጂ" አለ አበጀ፣ የቡድኔ ቀልደኛ። "ረዳት ናት!"

እውነቱን ነው። ይታይሽ የምትናገረው የአውቶብስ ረዳት የሚናገረውን ብቻ ነበር። እናቷ እትዬ አለምነሽ ደጀን መናኸሪያ በር ላይ የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ ይሸጡ ነበር። እሷም ያደገችው እዚያው ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው የሚመጡ መኪኖች ፍሬናቸው ተቃጥሎ የሚሸትበት፣ ናፍጣውና እንቁላሉ የተቀላቀለበት ቦታ። ጎማ ስር እንዳትገባባቸው እናቷ የነጠላቸውን ጫፍ ወገቧ ላይ አስረው ነበር የሚውሉት። ቋጠሮው የተፈታው ትምህርት ቤት የገባች ዕለት ነው።

ቲቸር ሐያት ስም ስትጠራ "ይታይሽ!" ስትላት "ሞልቷል!" ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። ሽንቷ ሲመጣ "ወራጅ አለ!" ነው። ሰው ሲበዛባት ደግሞ "ትርፍ አልጭንም!" ቲቸር ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ሰባ ልጅ ብቻዋን የምታስተምር ሴት ናት፤ ልጅቷ የምታሾፍባት መሰላት። እኛ ግን ወዲያው ለመድነው፤ አስተርጓሚ ሆንን። "ቲቸር፣ ሽንቷ መጥቶ ነው" እንላለን።

ያስቸገረን ንግግሯ አልነበረም፤ ደወሉ ነው። የትምህርት ቤታችን ደወል ባህር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመታው እኛ እየተንጫጫን ደብተር እንቀይራለን፤ ይታይሽ ጆሮዋን ይዛ ዴስክ ስር ትገባና እሪ ትላለች። እሪ ነው የምላችሁ፤ የጎረቤት ክፍል መምህር ጠመኔውን ይዞ እስኪመጣ ድረስ። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላው ዓይነ ጥላ። እትዬ አለምነሽ ፀበልም ወስደዋታል፤ እሪታው አልቀረም። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ዳይሬክተሩ ጠሯቸውና እኛው ፊት "እስከ አርብ እናያለን" አሏቸው። "በዚሁ ከቀጠለች ይዘዋት ይሂዱ። ሌላው ልጅ መማር አልቻለም።"

እትዬ አለምነሽ አልተቆጡም። "የት ልውሰዳት ጌታዬ? እንደገና በነጠላዬ ልሰራት?" ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ የቡድኔ ልጆች እርስ በርስ መተያየት ከበደን። መናኸሪያ በር ታስራ ስትውል ያላየ ልጅ አልነበረማ። እኔ ለእሷም ለሽልማቱም ተጨነቅኩ፤ ለየትኛው እንደባሰ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ሒሳብ አልቆ ደወሉ ሊደወል ሲል፣ ይታይሽ ገና ሳትጮህ እኔ በንዴት ቀደምኳት። "ስሚ!" አልኳት፤ "አሁን የትኖራ ነን። ቀጥሎ ሉማሜ ነው። ሉማሜ ስንገባ ጥሩምባ አለ። እንዳትጮሂብኝ!" ከደጀን ወደ ማርቆስ ሲኬድ ረዳት የሚጠራቸው ከተሞች ናቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ በራሷ ቋንቋ ልቆጣት ፈልጌ ይመስለኛል። ደወሉ ተመታ። ጆሮዋን ያዘች፤ ዴስክ ስር ግን አልገባችም። ቀስ ብላ "ቀጥሎ ሉማሜ" አለች። አበጀ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

መናኸሪያ ውስጥ ያን ሁሉ ክላክስ እየሰማች ለምን እንደማትጮህ ያኔ ገባኝ። እዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚናገር ሰው አለ። እኛ ጋ ማንም አይነግራትም፤ ዝም ብሎ ይመጣባታል።

በቃ፣ ክፍሉን አውቶብስ አደረግነው። አማርኛ ደጀን፣ ሒሳብ የትኖራ፣ እረፍት ሉማሜ፣ ሳይንስ አምበር፣ ወደ ቤት መሄድ ደግሞ ማርቆስ። አበጀ ሞተር ሆነ፣ እኔ ረዳት። አንዴ አምበርን ዘልዬ ማርቆስ ስገባ ይታይሽ እጄን ጨምድዳ ይዛ "አምበር!" አለችኝ፤ እስክመለስ አልለቀቀችኝም። ቲቸር ሐያት የምንጫወት መስሏት አበጀን ጥግ አቆመችው። ሐሙስ ዕለት ግን ደወሉ ሳይመታ ሰዓቷን አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሉማሜ ልንገባ ነው" አለች። ያቺ ኮስታራ! አበጀ "ቲቸርም ረዳት ሆነች" ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰምታዋለች፤ ጥግ ግን አላቆመችውም።

አርብ ደረሰ፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። እትዬ አለምነሽ የእንቁላል ሳፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ ዳይሬክተሩ ከጎናቸው። ሒሳብ ላይ ነን። ይታይሽ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች፣ እኔ በልቤ ሽልማቱን ተቀብዬ ጨርሻለሁ። በዚህ መሃል ቸርኬው ያለ ሰዓቱ አቃጨለ። ለካ ከወረዳ እንግዳ መጥቶ ተማሪ ሁሉ ሜዳ ይውጣ ተብሏል። ይታይሽ ዴስክ ስር ነች፤ እሪታው ያው የድሮው። ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ አለምነሽ ሳፋውን መሬት አስቀመጡ፤ እጃቸው ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሲሄድ አየሁት።

ምን ልበል? ሉማሜ ገና ነው፤ የምጠራው ፌርማታ የለም።

"ጎማ ፈነዳ!" ብዬ ጮህኩ።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

"ጎማ ፈንድቷል! እስኪቀየር ሁሉም ይውረድ!"

አበጀ ወዲያው "ፍሽሽሽ" እያለ አየሩን አወጣው። ልጆቹ ሳይጋፉ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ፤ ቲቸር ሐያትም ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። እሪታው ቆመ። ከዴስኩ ስር "ታኮ አድርግ!" የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ይታይሽ ራሷ ወጣች፤ አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከዴስኩ እግር ስር ሸጎጠችና በቀረው ጫማ እያነከሰች ተከትላን ሜዳ ወጣች።

ዳይሬክተሩ ሳቃቸውን ሊደብቁ ጀርባቸውን ሰጡን። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊታቸውን ሲመልሱ "ጫማዋን አምጡላት እንጂ" ብለው ተቆጡን፤ እትዬ አለምነሽን ደግሞ "ሰኞም ትምጣ" አሏቸው። የዚያን ቀን እንቁላል አልተሸጠም፤ እኛ በላነው። ሽልማቱን ሌላ ቡድን ወሰደው፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ዘንድሮ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመረቅኩ። አንድ መምህራችን ስለ ኦቲዝም ሲያስተምሩ፣ የሰሙትን ንግግር መልሰው በመናገር የሚግባቡ ልጆች አሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ መንገር ያረጋጋቸዋል፣ ለዚህም የቀኑ ፕሮግራም በስዕል ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ሲሉ ሳቄ አመለጠኝ። ከክፍል ልባረር ነበር። ይታይሽንም እናቷ ዘግይተውም ቢሆን አዲስ አበባ ወስደው አስመርምረዋታል። ሐኪሟ "ኦቲዝም ነው፤ ቀኗ ሥርዓት ይኑረው" ሲሏቸው እትዬ አለምነሽ "እሱንስ ሦስተኛ ክፍል ጀምራዋለች" አሉ አሉ። ሁሉ ነገር ቀና ማለቴ አይደለም፤ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም። አሁን እንቁላሉን የምትቀቅለው እሷ ናት፣ ሲያሻት በራሷ ቃል ታወራለች፣ ሳያሻት ትዘጋኛለች።

ለልምምድ ማርቆስ አንድ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። ልዩ ክፍል አለው፤ ስዕሉ፣ ምንጣፉ፣ መጫወቻው፣ የሐኪም ወረቀቱ ሁሉ አለ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ግን አንዲት ልጅ ትልቅ ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ትውላለች። ከግድግዳው ወዲያ ክፍል ሙሉ ልጅ ይንጫጫል፤ አንዱም ስሟን አያውቅም። እኛ ያኔ ኦቲዝም የሚባል ቃል ሰምተን አናውቅም፤ ይታይሽ ምን እንደሚያስቃት ግን አምስት ልጅ ያውቅ ነበር። "ለምን አንዳንድ ክፍለ ጊዜ ከእነሱ ጋር አትማርም?" ብዬ ስጠይቅ "እየታሰበበት ነው" ተባልኩ።

እስኪታሰብ መጠበቅ አልቻልኩም። የልዩ ክፍሉንና የጎረቤቱን ክፍል መምህራን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ብዬ ለመንኩ፣ ልጅቷንም የት እንደምንሄድ በስዕል አሳየኋት። ከዚያ ዴስኩን በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላ በኩል እሷ ይዘን ወደ ጎረቤቱ ክፍል ጎተትነው። ገና አስገብተን ሳናስቀምጠው ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ ከወንበሯ ዘላ አጠገቧ ገባችና ወደ እኔ ቀና ብላ "ምን ትወዳለች?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ?" አልኳት። "ራስሽ ድረሽበት።"