አማቴን ያስታመምኩበት ፈቃድ

አማቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ባለቤቴ አዲስ ሥራ ከጀመረች ገና ጥቂት ሳምንቷ ነበር። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ ልውጣ ቢል ማን ይሰማዋል? ሌላ ልጅ ደግሞ የላቸውም። ስለዚህ ቃሊቲ የምሠራበት ብረታ ብረት ፋብሪካ ሄጄ የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ።

አለቃዬ "ማን ታሞብህ ነው?" አለኝ።

"አማቴ።"

ቀና ብሎ አየኝና "እኔ ፈቃድ የምወጣው አማቴ ሲመጡ ከቤት ለመጥፋት ነው" አለ። እየሳቀ ፈረመልኝ።

ከሆስፒታል አውጥተን ኮዬ ፈጬ ወዳለው ኮንዶሚኒየማችን አመጣናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ክንዴን ብሰጣቸውም የደረጃውን ብረት እየተደገፉ፣ እያረፉ ወጡ። አማቴ ከሠርጋችን ጀምሮ አንቱ ነው የሚሉኝ። እኔ ባለሁበት ገበታ ሲቀርብ እንኳ ሁለቴ ጎርሰው "ጠገብኩ" ይላሉ።

በማግስቱ ባለቤቴ ሥራ ስትሄድ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እሳቸው አልጋቸው ላይ፣ እኔ ሳሎን።

"እማማ፣ ምን ላምጣልዎ?"

"ምንም፤ አይቸገሩ።"

ትንሽ ቆይቼ ብቅ ስል ግድግዳውን ይዘው ወደ ማድቤት ሲያዘግሙ አገኘኋቸው። ለካ ውሃ ጠምቷቸዋል።

"ለምን አልጠሩኝም?"

"አንቱን እንዴት አዛለሁ?" አሉኝ፤ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጥለው።

መልሼ አስተኛኋቸውና ምሳ ልሠራ ገባሁ። ሐኪሙ ቅባት ከልክሏቸዋል። ያለ ዘይት ሽሮ መሥራት አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር በዘይትም አላውቅም። ድስቱን ጥጄ ሳለሁ ባለቤቴ ደወለች። ስለ እናቷ ስናወራ ሽሮውን ረሳሁት። ጭሱ ቤቱን ሞላው።

"አንተ! አጥፋው እንጂ!" የሚል ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ።

ሮጬ አጠፋሁት። በሩ ላይ ብቅ ስል አማቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነዋል። የደነገጡ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው እየሳቁ መሆናቸው የገባኝ።

"ሂድልኝ ወዲያ፣ ስፌቴ ሊፈታ ነው" አሉ። እኔም መቃኑን ይዤ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ አንቱታው ቀረ። ማድቤቱ በር ላይ ወንበር አስቀመጥኩላቸውና እዚያ ተቀምጠው ያዝዙኝ ጀመር። "ሽንኩርቱን አድቅቀው። በውሃ ብቻ አቁላላው፤ ሲደርቅ ጠብ አድርግበት። አትቸኩል።" እያደር የምሠራው ሽሮ የሚበላ ሆነ። እሳቸውም እፊቴ እስኪጠግቡ ይበሉ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ክንዴን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ይንሸራሸራሉ። ሲደክማቸው በረንዳው ላይ ቆመው ወደ ሕንጻዎቹ እየጠቆሙ "እዚያ ጋ የአጎቴ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ለደቦ እንመጣ ነበር" ይሉኛል። እኔ ግን ከቆርቆሮ በቀር የማየው አልነበረም።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድማቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ሽርጥ ታጥቄ ሻይ ሳቀርብ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሊነቅሉ አልቻሉም።

"እዚህ ቤት ሴት የለም እንዴ?" አሉ፣ ለእህታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ልጄ አለልኝ" አሉ አማቴ። "አንተ ሻይህን ጠጣ።"

ሰውየው ጠጡ። ከዚያ ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "ካለ ድገመኝ፣ ጥሩ ነው" አሉኝ።

ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ስፌታቸው ወጣ፤ ሐኪሙም "ድነዋል" አላቸው። እሑድ ዕለት መኪና ኮንትራት ይዤ አቃቂ ቤታቸው ወሰድኳቸው። ጎረቤቶቻቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። አማቴ ከመኪናው ወርደው ማንንም ሳይደገፉ፣ አንዷን እየሳሙ ሌላዋን እየመረቁ ገቡ። እኔ ሻንጣቸውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ደግሞ የሆነ ነገር የጎደለኝ መሰለኝ።

ማታ እራት ስንበላ የባለቤቴ ስልክ ጠራ። ጥቂት አዳመጠችና "ደህና ነሽ ወይ ሳትለኝ አንተን ነው የጠየቀችው" ብላ፣ ሳቋን ይዛ አቀበለችኝ።

"በሰላም ገባህ?" አሉኝ አማቴ። "ነገ ሥራ አለህ፤ በጊዜ ተኛ።"