ፊደሉን ትንሽ አሳድጊው

ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ፣ ኮምፒውተር ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒታቸው ሲያልቅ ዓይናቸው ይደክም ጀመር። መብራት ስላልነበረ አሮጌ ላፕቶፓቸውን በሶላር እንሞላለን፤ እሳቸውም ሊኑክስ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍተው ሲሠሩ ይውላሉ። «ሥራ ከፈታሁ ሐሳብ ይገድለኛል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አረንጓዴው ጽሑፍ ከጥቁሩ መደብ አልለይ አላቸው። ወደ ቢጫ ቀየርሁላቸው፤ ለጥቂት ቀናት ደህና አነበቡ። ያም ሲደበዝዝባቸው መደቡን ነጭ፣ ፊደሉን ወፍራም ጥቁር አደረግሁት።

«አሁንስ ይታይዎታል፣ ጋሼ?»

«ፊደሉን ትንሽ አሳድጊው፣ ልጄ።»

አሳደግሁት፤ ደግሜም አሳደግሁት። በመጨረሻ አንዲት አጭር ትእዛዝ እንኳ በአንድ መስመር አልገባ አለች። እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡ። ከከተማው ዳር የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«በቃ፣ ተይው» አሉኝ። «አንቺ አንብቢልኝ።»

ፊደሉን ለእኔ ዓይን በሚስማማ መጠን መልሼ አሳነስሁትና አነበብሁላቸው። የሚቀጥለውን ትእዛዝ በቃላቸው ነገሩኝ፤ እኔ ጻፍሁ። ጦርነቱ እስኪያልፍ እንደዚያ ሠራን። መንገዱ ሲከፈት መድኃኒቱ መጣ፤ ዓይናቸው ግን አልተመለሰም። ዛሬ እኔንም የሚለዩኝ በድምፄ ነው።