«ሞቱ» አይባልም

ሰፈሩ «ጋሼ ዜና» ይለዋል። በሬዲዮ ዜና ማንበብ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አገር የሚያዳምጠውን ድምፅ፣ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማለት የለም።

ጦርነቱ የተጀመረ ሰሞን «ሦስት መቶ የጠላት ወታደሮች ሞቱ» የሚል ዜና ተሰጠው። አለቃው እስክሪብቶውን አውጥቶ «ሞቱ» የሚለውን ሰረዘና «ተደመሰሱ» ብሎ ጻፈበት።

«ሞቱ ካልክማ ሰው ይመስላሉ» አለው።

ጋሼ ዜና ጥርሱን ነክሶ አነበበው። ጥርስን ነክሶ እንዴት ጥርት አድርጎ እንደሚነበብ እሱን ጠይቁት!

ሳምንት ሳይሞላ ቃሏ ሰፈሩን ወረረችው። ፀጉር ቤት ሲገባ ሰላምታው ሁሉ «ዛሬስ ስንት ደመሰስን?» ሆነ። ከጠያቂዎቹ አንዱም ጠመንጃ ጨብጦ አያውቅም።

አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ያገባችው ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ነው፤ አሁን ጠላት ከተባለው አገር። ትናንት ደወለችለት።

«ወንድሜ፣ ማክሰኞ ያነበብከውን ሰምቼዋለሁ። ልጄ ‹ተደመሰሱ› ካልካቸው ውስጥ ነበረ» አለችውና ስልኩን ዘጋችው።

ዛሬ ጢሙን ሊላጭ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ አየውና ምላጩን ከጉንጩ ላይ አነሳ።

«ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ ጠቆረ? ሰው ሞተብዎት እንዴ?»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩት። «አዎ» ቢል «የት?» ይሉታል።

«ኧረ ሰው አልሞተም» አለ፣ በዚያ ጥርት ባለ የዜና ድምፁ።

ሁሉም አመኑት።