ከበሶው ሥር የወጣው መድኃኒት

በዚያ የሽብር ዘመን የቀበሌ ታጣቂዎች ልጄን ፈልገው ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። ኮልፌ የታሰርኩበት የቀበሌ ክፍል ድሮ የበርበሬ መጋዘን ነበርና፣ ወለሉ በተጠረገ ቁጥር ሁላችንም እናነጥሳለን። በተገረፍኩ በሳምንቱ ቁርጭምጭሚቴ መግል ቋጠረ። አጠገቤ የምትተኛው ተማሪ ደግሞ ውስጥ እግሯ ተተልትሎ፣ ትኩሳቱ ያቃዣት ጀመር።

እህቴ በሶ ላከችልኝ። እጄን ስሰድ ከዱቄቱ ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ቴትራሳይክሊን አገኘሁ፤ ሃያ ፍሬ። እዚያ ክፍል የገባ ነገር ሁሉ እኩል ነው የሚከፈለው፤ ደንባችን ነው። ቁስለኞቹ አምስት ነን። "አራት አራት ይደርሰናል" አልኩና አንዱን ፍሬ ከፍቼ የውስጡን ዱቄት ቁስሌ ላይ ልነሰንስ ስል፣ ሐኪም ቤት ቁስል የምታክም ድሬሰር የነበረች እስረኛ እጄን ያዘችኝ።

"እትዬ፣ ይሄ እንደ ዳቦ አይቆረስም። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ይዋጠው። ከተከፋፈላችሁት ጀርሙን አደንድናችሁ ነው የምትተዉት፤ ማንም አይድንም።"

"ለማን ይሁን ታዲያ?"

ተማሪዋን አየች። እግሬ ይጠዘጥዘኛል። ልጄ በተሸሸገበት ቢታመምስ፣ የሚሰጠው ሰው ይኖር ይሆን? እያልኩ "ለእሷ ይሁን" አልኩ።

ልጅቷ ግን ፈራች። "በልጅነቴ ፔኒሲሊን ወግተውኝ ፊቴ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ልሞት ነበር።"

"ይሄ ዘሩ ሌላ ነው" አለች ድሬሰሯ። "አይነካሽም ብዬ ግን አልምልልሽም። ቁስሉን ዝም ካልነው ምን እንደሚመጣ ነው የማውቀው።"

ዋጠች። ቀኑን ሙሉ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ከንፈሯን አየሁ፣ ትንፋሿን አዳመጥኩ።

"እትዬ፣ እንዲህ ካፈጠጡብኝ በመድኃኒቱ ሳይሆን በእርስዎ ነው የምሞተው!" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቃት። ስምንት ፍሬ ቀርቷል።

"ድኛለሁ፤ የቀረው ለእርስዎ እግር ይሁን" አለች።

እጄ ወደ ፍሬው ሄደ። መግሉ እስከ ባቴ ወጥቶ ነበር፤ አማረኝ፣ አልዋሽም። አነሳሁና ከንፈሯ ላይ አደረግሁት።

"ዋጪ። ጨርሺው።"

እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ በእጄ አጎረስኳት።

የእኔ ቁስል በጨው ውሃ ሲታጠብ፣ ሲታጠብ ወራት ፈጅቶ ደረቀ፤ ጉድጓዱ አልሞላም። ዛሬ የልጅ ልጄ፣ የዚያው የተሸሸገው ልጄ ልጅ፣ ትኩሳቷ ሲለቃት "አያቴ፣ ተሽሎኛል" ብላ መድኃኒቷን ትገፋለች። አልቆጣትም። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ እግሬን አሳያታለሁ። ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ ታስገባና፣ መድኃኒቷን ትውጣለች።