በጌታነህ ላይ የዘጋሁት በር

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። ሦስት እሑድ ልነሣ ብዬ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ግን ሳልናገር ወደ ቤቴ ብመለስ ቀኑን ሙሉ ራሴን ስወቅስ እውላለሁ። የምናገረው ደስ የሚል ነገር ስላልሆነ ታገሡኝ።

አብዛኞቻችሁ "ኮማንደር" ብላችሁ ነው የምትጠሩኝ። እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ አዲስ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ፖሊስ የነበርኩ ይመስለዋል። እኔ የባሕር ኃይል መኮንን ነበርኩ። የተወለድኩት ከዚህ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቴ ገብስ አራሽ ነበሩ፣ ታላቅ ወንድሜ ዛሬም እዚያው ቄስ ናቸው። ሃያ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከወንዝ የሚሰፋ ውኃ አላየሁም። ደብረ ብርሃን ትምህርቴን ስጨርስ ለመኮንንነት ተመለመልኩና ምፅዋ ወረድኩ። ሙቀቱ አፍንጫዬን ያነስረኝ ነበር፤ ሥራውን ግን ወደድኩት። ዓመታት አልፈው የራሴ መርከብ አዛዥ ሆንኩ።

ኩሩ ነበርኩ፣ ወገኖቼ። ነጭ ልብሴ ላይ አንዲት እድፍ ከተገኘች ያጠበውን ሰው አስቀጣ ነበር። እግዚአብሔርን በአፌ እጠራለሁ፤ በልቤ የምተማመነው ግን በራሴ ነበር።

የመርከቤ የሞተር ክፍል ኃላፊ ጌታነህ ይባላል፣ እንደ እኔው የመንዝ ሰው፣ የቀየት ልጅ ነው። ሰው ፊት "ጌታዬ" ይለኛል፤ ብቻችንን ስንሆን ደግሞ ያገር ልጅ ነንና "ወንድም ጋሼ" ይለኛል። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ቀየት ነበሩ። ደብዳቤያቸው በመጣ ቁጥር ለእኔም ያነብልኛል፤ ስለ በጎቹ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ልጁ ጥርስ። እዚያ ሙቀት ውስጥ ተቀምጠን ስለ መንዝ ውርጭ መስማት ደስ ይለን ነበር።

ጦርነቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ አንድ ቀን ጠዋት ቁስለኞችና ቤተሰቦች ጭነን ከወደብ ስንወጣ፣ ከየብስ የተተኮሰ ከባድ መሣሪያ መርከባችንን ከኋላ መታው። የሞተር ክፍሉን ነው ያገኘው። ውኃ ገባ፣ እሳትም ተነሣ። የሞተር ክፍሉ ታች በመርከቡ ሆድ ውስጥ ነው። መውጫው አንድ ጠባብ መሰላል ብቻ ሲሆን ከመሰላሉ በላይ ከባድ የብረት በር አለ። በሩ ሲዘጋ ውኃውም እሳቱም እዚያው ታፍኖ ይቀራል፣ መርከቡ ይተርፋል። ውስጥ የቀረ ሰው ግን አይተርፍም።

ሮጬ ወረድኩ። ሁለት የሞተር ሠራተኞች እየሳሉ ወጡ። ጌታነህ እሳቱ ነዳጁ ጋ እንዳይደርስ ቧንቧውን ልዝጋ ብሎ ወደ ውስጥ ተመልሷል። ከወጡት አንደኛው ጌታነህ እየመጣ ነው፣ ትንሽ እንጠብቀው አለኝ። ወደ ታች ተመለከትኩ። ውኃው ገና ጉልበት አልደረሰም።

"ዝጉት" አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ፤ አንዳቸውም እጃቸውን አላነሡም። እኔው ራሴ ገፍቼ ዘጋሁት።

ቅዱሳን፣ ጌታነህ አንኳኳ። በመፍቻ ይመስለኛል። እጄን ከበሩ ላይ አላነሣሁም ነበርና ምቱ በመዳፌ ይሰማኛል። አልከፈትኩም። ቆይቶ ምቱ ቆመ።

ይህን የሚሰማ ሰው ብዙ ሕዝብ አትርፈሃል ይለኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ያንን ስል ኖሬአለሁ። ነገር ግን ሙያዬ ነውና አውቀዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ብጠብቀው ኖሮ መርከቡ አይሰጥምም ነበር። ያልጠበቅሁት ስለፈራሁ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ከዚያም ጌታነህ በፍንዳታው ወዲያው ሞተ ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ሁለቱ ሠራተኞች ዝም አሉ። እኔ መርከቡን አዳነ ተብዬ ተመሰገንኩ፣ ማዕረጌ አደገ። ኮማንደር የሆንኩት በዚያ ነው።

ወራት ሳይቆይ ሁሉም ነገር ፈረሰ። ቀይ ባሕርን ተሻግረን የመን ገባን፤ መጠለያ ውስጥ ዓመታት ተቀመጥኩ። ወደ አገሬ ስመለስ መርከብም ባሕር ኃይልም አልነበረም። እቤቴ በገባሁ በሳምንቱ ቀየት ሄጄ ወይዘሮ አስካለን አገኘኋቸው። ምንም ሳያውቀው ነው ያረፈው አልኳቸው። ትከሻዬን ሳሙኝ።

"ያለ ሥቃይ መሄዱን ከሰማሁ ይበቃኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ" አሉኝ።

በግ አረዱልኝ። ተቀምጬ በላሁ፣ ወገኖቼ። ልጁ አጠገቤ ሆኖ ፊት ፊቴን ያየኛል፣ እኔ እበላለሁ።

ከዚያ ወዲህ የኖርኩትን ኑሮ ከተማው ያውቀዋል። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። የማንኳኳት ድምፅ ከሰማሁ ካለሁበት ተነሥቼ እወጣለሁ። እሱን ለመርሳት አረቄ ጀመርኩ፤ በኋላ ማለዳ ሳልጠጣ እጄ ጠመኔ መያዝ አቃተው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ በእስክሪብቶ ዴስኩን ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ጆሮው እስኪደማ መታሁት። ከሥራ ተባረርኩ፤ ተገቢም ነበር። ባለቤቴ ምን እንደሆንኩ ብዙ ዓመት ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም። በመጨረሻ ልጃችንን ይዛ ደብረ ብርሃን ገባች። እዚያው ሞተች፤ ቀብሯ ላይ የቆምኩት ሰክሬ ነው።

እግዚአብሔር ግን አልተወኝም። ስሙ ይባረክ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ሆዴ አበጠ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ልጄ ሰምታ መጣችና ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ የልጄ እኩያ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "አባባ፣ ጉበትዎ በመጠጥ ተጎድቶ ደንድኗል። ሆድዎን የነፋው ውኃ ነው። መጠጡን ካልተዉ ከርሞን አያዩም" አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ የምሞተው ሆዴ ውስጥ በቋጠርኩት ውኃ ነው ብዬ አሰብኩ። አልፈራሁም። እንዲያውም ይቅለለኝ አልኩ።

አጠገቤ ያለው በሽተኛ ጉሮሮውን ታሞ መናገር አይችልም። እንደ እናንተ በጌታ ያመነችው ባለቤቱ እህት ብርቄ ታስታምመዋለች። ሲፈልጋት በማንኪያ የአልጋውን ብረት ያንኳኳል። ወገኖቼ፣ ያ ድምፅ ምን እንዳደረገኝ እግዚአብሔር ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ማንኪያውን ከእጁ ነጠቅሁና ወረወርኩት። ሰውዬው ምንም ማድረግ አይችልም፣ አየኝ ብቻ።

እህት ብርቄ አልጮኸችብኝም። ማንኪያውን አነሣች፣ አጥባ ለባሏ መለሰችለት። ከዚያ ለእሱ ካፈላችው አጥሚት ቀድታ ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ምን ሆነው ነው አለችኝ። ለሚስቴ ያልነገርኩትን ለማላውቃት ሴት ነገርኳት። ስጨርስ ጦርነት ነው፣ ምን ይደረጋል ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ሰው ገድለዋል፤ ከዚያም ዋሽተዋል" አለችኝ። "ጌታ ኢየሱስ የሞተው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው። ለደህና ሰውማ ምን ያደርጋል?"

ቅዱሳን፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ያደረግሁትን በስሙ የጠራልኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ። እሷ ጸለየች፣ እኔ ተከትዬያት አልኩ። ጌታዬን በዚያች አልጋ ላይ ተቀበልኩት። ሃሌሉያ። ሰውዬው እንደገና ሲያንኳኳ ብድግ ብላ ሄደች፤ እኔም በቀሩት ቀናት እሷ ውጭ ስትሆን እየተነሣሁ እሄድለት ነበር።

ከሆስፒታል ልወጣ ስል እህት ብርቄ፣ "አሁን የሟቹ ባለቤት ዘንድ ይሂዱ። እውነቱ የእሳቸው ነው" አለችኝ።

ቄሱ ወንድሜ እዚህ ጉባኤ መምጣቴ አሳዝኗቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። ቀየት እንደምሄድና ለምን እንደምሄድ ስነግራቸው ግን ብቻህን አትሄድም አሉኝ። መስቀላቸውን ይዘው አብረውኝ ተሳፈሩ። ወይዘሮ አስካለ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። አሁን አርጅተዋል። ወንድሜ ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። እኔ ምድር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ። እንዝርቱ ቆመ።

"ስንት ጊዜ አንኳኳ?" አሉኝ።

አልቆጠርኩም አልኩ።

"ትዋሻለህ። መኮንን ነህ፣ ትቆጥራለህ።"

ሁልጊዜ እርስዎ ይሉኝ ነበር። አንተ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

"አሥራ አንድ" አልኳቸው።

ሰማይ ሰማዩን አዩ። "ልጄን አባትህ ሳይሰቃይ ነው የሞተው እያልኩ አሳደግሁት። አንተ ደግሞ እቤቴ ተቀምጠህ በጌን በላህ። ከፊቴ ጥፋ።"

ወጣሁ። ወንድሜ ክንዴን ይዘው እስከ መኪናው ድረስ ወሰዱኝ።

በወሩ ተመለስኩ፤ በሩን አልከፈቱልኝም። በሚቀጥለው ወር እንዲሁ። በአራተኛው ጉዞዬ መቀመጫ ዱካ ወጣልኝ፤ ተቀመጥኩ፣ አልተነጋገርንም። አሁን ስለ ጌታነህ ይጠይቁኛል። መርከብ ላይ ምን ይበላ ነበር፣ ምን ያስቀው ነበር፣ ስማቸውን እንዴት አድርጎ ይጠራ ነበር። የማስታውሰውን እነግራቸዋለሁ። ልጁ አዋቂ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ መጥቶ ከአፌ ሰማ። ተነሥቶ ወጣ፣ እስከ ዛሬም አላናገረኝም። ይህንንም እንድታውቁ ነው፤ ሁሉ ተስተካከለ ብዬ በእግዚአብሔር ፊት አልዋሽም።

ሐኪሙ ጉበቱ ተመልሶ አዲስ አይሆንም ብሎኛል። ግን ሆዴ ውኃ መቋጠሩን አቁሟል፣ የተረፈው ጉበት ይሠራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አረቄ አልቀመስኩም። ጠዋት እጄ አይንቀጠቀጥም። ልጄ ስልክ ስትደውልልኝ አነሣለሁ፣ እናቷ የጠየቀችኝንም ነግሬያታለሁ። ለዚህ ሁሉ ክብር ለጌታ ይሁን።

ባለፈው ወር ከወይዘሮ አስካለ ቤት ልነሣ ስል ይቅር በሉኝ አልኳቸው። ያን ቃል እስከዚያ ቀን ደፍሬ አላልኩትም ነበር። ጠጉሩን ከእንዝርቱ እየነቀሉ ቆዩ።

"ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት አፌ እንቢ አለኝ" አሉኝ። "እግዜር ሲፈቅድ እል ይሆናል። እስከዚያው ከመምጣት እንዳትቀርብኝ።"

ወንድሞችና እህቶች፣ ለማንም የማትነግሩትን ይዛችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ በጌታ ታመኑ። እኔን ሁሉን ሰምቶ አላባረረኝም፤ እናንተንም አያባርርም። የምትቀጡትን ቅጣት ላያነሣላችሁ ይችላል፤ ብቻችሁን ግን አትሸከሙትም። ጸልዩልኝ። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ቀየት እሄዳለሁ።