ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ የሆነበት ጌጡ

ጌጡ ነጯን የመመርመሪያ ሸክላ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ወዲያና ወዲህ ያዘነብላታል። በላይዋ አንዲት ጠብታ ደምና ከብልቃጥ የወረደ ሰማያዊ ውኃ ተቀላቅለዋል። ከተጓጎለ ታይፎይድ ነው፤ ባይጓጎልም ለጌጡ ታይፎይድ ነው። መርምሮ "የለብህም" ብሎ የሰደደው ሰው በደብረ ታቦር አይገኝም።

መድኃኒት ቤቱ ከገበያው መውጫ ላይ ነው። ቀድሞ በአንድ ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ካርድ ሲያወጣ ቆይቷል፤ ሙያው ይኸው ነው። ነጭ ጋዋኑን ግን በገዛ እጁ እየተኮሰ ይለብሳል። በደረት ኪሱ የተሰካው ቴርሞሜትር ከነማህደሩ ነው፤ ወጥቶ አያውቅም። "ዶክተር" ሲሉት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል እንጂ አይደለሁም አይልም።

አንድ ማክሰኞ ጧት የአክስቱ ልጅ ዓለሚቱ ከጉና ወረደች። ያዘለችው የዓመት ከሁለት ወር ልጇ ትኩሳት ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አስቀድማ ጤና ጣቢያ ገብታለች። የላብራቶሪዋ ገነት የልጁን ጣት ወጋ አድርጋ በደሙ ውስጥ ያለውን የኢንፌክሽን ምልክት በትንሽ መሣሪያ ለካችና ቁጥሩን በወረቀት ጻፈችላት። ቁጥሩ በጣም ከፍ ማለቱን፣ ከአተነፋፈሱ ጋር ሲታይ ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ሳይገባ እንዳልቀረ ነገረቻት፤ የትም ሳትቆም ዛሬውኑ ሆስፒታል እንድትገባ አዘዘቻት።

የሆስፒታሉ መንገድ ግን በጌጡ ደጅ ያልፋል። የዘመድን ደጅ ሰላም ሳይሉ ማለፍ በእነሱ ዘንድ የዓመት ኩርፊያ ያመጣል። ስለዚህ ለሰላምታ ያህል ብላ ገባች።

ጌጡ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ቁጥሩ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ስላላወቀም ሳቀ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለይምሰል እንደሚመጣ፣ ከአንዲት ጠብታ ደም ምንም እንደማይገኝ እያስረዳ የልጁን ሌላ ጣት ወጋና አንዲት ጠብታ ደም ሸክላው ላይ አሳረፈ።

"ጋሼ፣ ዛሬውኑ ግቢ ብላኛለች እኮ።"

"ማን፣ ገነት? እሷ ፊደል ስትቆጥር እኔ ስንቱን ከሞት መልሻለሁ። ታይፎይድ ነው፤ ቁጭ በይ።"

ሸክላዋን ሁለት ጊዜ እንኳ ሳያዘነብል ክኒን አወጣ። መጠቅለያ ሲፈልግ እጁ የገባው የገነት ወረቀት ነበር።

የዓለሚቱ ዓይን ልጇ ላይ ነው። ገነት ስትወጋው ጮሆ ነበር። አሁን ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

"አላለቀሰም" አለች።

"ጎበዝ ልጅ ነዋ" አለ ጌጡ፣ ክኒኑን እየጠቀለለ።

ልጇን አቅፋ ወጣች፤ ጥቅልሉ ባንኮኒው ላይ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ባለባጃጁ ሬድዋን ከዓለሚቱ መልእክት ይዞ መጣ። ልጁ ሆስፒታል ተኝቷል፣ በደም ሥሩ መድኃኒት ተጀምሮለታል፤ ሐኪሞቹ ግን የጧቱን ቁጥር ከአሁኑ ጋር ማስተያየት ስለፈለጉ ወረቀቱን ቶሎ ይላኩልኝ ብላለች አለው። እኔው ላድርሰው ቢለውም ጌጡ እንቢ አለ። እንዲህ ያለ ነገር በባጃጅ አይላክም፤ አስቀድሞ የመረመረው እሱ መሆኑን ለሐኪሞቹ በአፉ መንገር ነበረበት።

ክኒኑን አራግፎ ወረቀቱን በመዳፉ አለሰለሰ፣ አጥፎ ከቴርሞሜትሩ ጀርባ ከተተና መድኃኒት ቤቱን ቆልፎ ተነሣ። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ከእብናት የመጣ አንድ ገበሬ፣ ትኩሳት የያዛትን ሕፃን ታቅፎ፣ "ዶክተር" ሲል ጠራው።

ጌጡ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ተመልሶ በሩን ከፈተና ሸክላዋን በጋዋኑ ጫፍ ጠረጋት። ወረቀቱ እዚያው ኪሱ ውስጥ ቀረ።