ከሊቀመንበርነት ወደ ቅሬ

ኑርዬ ይመር በሚያዝያ 1971 ዓ.ም. ከደሴ እስር ቤት ተፈቶ ሐይቅ ከተማ ከአውቶቡስ ሲወርድ የተቀበለው ሰው አልነበረም። ከመያዙ በፊት ሦስት ዓመት የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ሥልጣኑን ያጣው በስብሰባ መሐል ነው። ማዕረግ የሚባለው የሚሊሺያው አዛዥ ጠመንጃ የያዙ ስድስት ሰዎች አስከትሎ ገባና፣ «አያ ኑርዬ፣ ማኅተሙን ወዲህ በል» አለው። ሰጠው። ማዕረግ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ስብሰባው ከቆመበት አጀንዳ ቀጠለ። ኑርዬ ደሴ ተወሰደ። አምስት ወር ቆይቶ ከሳሽ ስለጠፋ ለቀቁት።

የሐይቁን ዳር ይዞ አንድ ሰዓት ተጉዞ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ ኑርሀያት ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አልሀምዱሊላህ፣ ከሳህ እንጂ ሙሉ ነህ» አለች። ትንፋሽ ሳትወስድ ቀጠለች። «የልጃችን የፈዲላ ሰርግ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ነው። ሙሽራው ከውጫሌ ሠላሳ አጃቢ ይዞ ይመጣል። ድስት የለን፤ ዳስ የሚጥል ሰው የለን።»

«ጎረቤትስ?»

«ጎረቤቱ የቅሬው ነው። አንተን ደግሞ ሰርዘውሃል።»

በዚያ መንደር ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብረው አንድ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ነው። ትልልቁ ድስት፣ ሰሌኑ፣ የሰርግ ጉልበቱም የቅሬው ነው። ኑርዬ በሹመቱ ዘመን ከአሥራ አንድ ቀብር ቀርቷል። ሲሰርዙት «ማኅበር እያለ ቅሬ ምን ይሠራል?» ብሎ ስቆ ነበር።

«እሁድ ሂድ» አለችው ኑርሀያት። «ድንጋይህን ተሸከም፣ አቀርቅር፣ በድያለሁ በል። ሌላ ቃል እንዳትጨምር። አውቅሃለሁ።»

እሁድ ረፋድ ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ማዕረግም ጠመንጃውን እንደ ደንቡ ራቅ አድርጎ አስቀምጦ ከሰው መሐል ተቀምጧል። ኑርዬ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ደግፎ ቆመ።

«ተናገር» አሉት የቅሬው ዳኛ አያ ታረቀኝ።

ኑርዬ ቀና አለ። ሰማንያ ያህል ሰው ፊቱ ተቀምጦ አፍ አፉን ያየዋል። ሦስት ዓመት የለመደው ነገር ነው።

«ጓዶች!» አለ። ግራ እጁ ተጨብጦ ወደ ላይ ወጣ። ድንጋዩ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አያ ታረቀኝ እግራቸውን በጊዜ ሰበሰቡ።

«ኢትዮጵያ ትቅደም በልና ጨርሰው እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ማዕረግ ነው።

ኑርዬ ድንጋዩን አንስቶ ማጅራቱ ላይ መለሰ። «ወላሂ አፌ ነው! በድያለሁ። ልጄን ልድር ነው፤ እባካችሁ።»

«አሥራ አንድ ቀብር» አሉ ዳኛው። «የት ነበርክ?»

«ስብሰባ ነበረብኝ።»

«አሥራ አንዱንም ቀን?»

«አንዱን ቀን እንኳ ተኝቼ ነው።»

ዳኛው ወደ ማዕረግ ዞሩ። «አንተ የምትስቀው፣ ከኅዳር ወዲህ ስንት ቀብር ቀርተሃል?»

ማዕረግ ሳቁን አቆመ። «አራት ይሆናል።»

«ምን ገጥሞህ?»

ማዕረግ ኑርዬን አየው። ኑርዬ መሬት መሬቱን ያያል።

«ስብሰባ፣ አያ ታረቀኝ።»

ጫጫታው እስኪበርድ ጥቂት ቆየ። ዳኛው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋገሩና ፈረዱ። ኑርዬ ወደ ቅሬው ተመልሷል። ቅጣቱ የሚቀጥሉትን አሥራ አንድ መቃብሮች መቆፈር ነው። ማዕረግ አራት ይቆፍራል።

«ለጊዜው የሞተ ስለሌለ» አሉ፣ «የፈዲላን ዳስ ሁለታችሁ ትጥላላችሁ።»

«እኔ እኮ ሊቀመንበር ነኝ» አለ ማዕረግ።

«እሱም ነበር» አሉ አያ ታረቀኝ።

ከሰርጉ በፊት ባለው ሐሙስ ሁለቱ ምሰሶ ሲተክሉ ዋሉ። ኑርዬ «ወደ ቀኝ!» ይላል፤ ማዕረግ «የማዘው እኔ ነኝ!» ብሎ ወደ ግራ ይገፋል። ዳሱ ዘመመ። ኑርሀያት ወጥታ አየችውና «እዚህ ሥር ልጄን አልድርም፤ ንቀሉት!» አለች። ነቀሉት። ሁለተኛውንም አስነቀለቻቸው። ሦስተኛውን ያለ ንግግር ተከሉት፤ ቀጥ አለ።

ቅዳሜ የቅሬው ሴቶች አምስት ድስት ጥደው ዋሉ። ሠላሳዎቹ አጃቢዎች እስኪጠግቡ በሉ። አንዱ አጃቢ ሰሃን ይዞ የሚሮጠውን ማዕረግን አስቆመው።

«ደከምክልን ወንድሜ። የሙሽሪት አጎት ነህ?»

«የለም» አለ ማዕረግ፣ «አባቷን ያሳሰርኩት ነኝ።» ወጥ ጨመረለትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።